ባለ ስንጥቁ ጌጅና የአባዬ ሻንጣ

አባዬ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረደው። ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፤ በእኛ ቤት ግን ሻንጣው ከወረደ በኋላ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። ጥቁር ነው። ጎኑ ተፍቋል፣ እጀታው በሽቦ ታስሯል፣ ዚፑ ብቻ እንደ አዲስ ነው። ልጅ እያለሁ አባዬ የሰው ከባድ መኪና ይዞ ሞያሌና ጅቡቲ ይመላለስ ነበርና፣ ሻንጣው ወረደ ማለት አባዬ ሄደ ማለት ነው። ሲመለስ ከበሩ መቃን ጋር ያስደግፈኝና «እኔ ሳላይሽ ማን አሳደገሽ?» ይለኛል። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ስቄ አላውቅም።

የምነግራችሁ ስለ መኪና ኤሲ ነው። አትሳቁ! ከሻንጣው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ቀስ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ስሜ ምስጋና ነው፤ ቤት ውስጥ ሚሱ ይሉኛል። የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጥያቄ የማልጠይቅ ልጅ። ጥያቄ አጥቼ አይደለም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ መናኸሪያ ተሳፋሪ ይጋፋሉ። ግን ክፍል ውስጥ እጄን እስከ ግማሽ አነሣና፣ መምህሩ ሊያየኝ ሲል ፀጉሬን እንደበላኝ ሰው አክኬ አወርደዋለሁ። ጓደኞቼ «ሚሱ ቅማል አለባት» እስኪሉ ድረስ።

አባዬ የሰው መኪና መንዳት ትቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ከገዛ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። በእሷ ሁለት ሥራ እንሠራለን። አንደኛው ኪራይ ነው። ሁለተኛው የእማዬ ጥጥ ነው። እማዬ የብርዳማዋ የጨንቻ ልጅ ናት፤ ከቆላ ጥጥ ትገዛለች፣ ወደ ደጋ ለፈታዮችና ለሸማኔዎች ትወስዳለች፣ ጋቢ ይዛ ትመለሳለች። ታዲያ ጥጡ ከኋላ መጫኛው ላይ አይጫንም። ደጋው ዝናብ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው። ስለዚህ ጥጡ እንደ ክቡር እንግዳ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ በጆንያዎቹ መሃል እወሸቃለሁ። መስኮት መክፈት ክልክል ነው።

«ዝጉት! ነጭ ጋቢ ከነጭ ጥጥ ነው የሚወለደው» ትላለች እማዬ።

ሙቀቱ ሲብስ አባዬ ኤሲውን ይከፍታል። የውጭውን አየር የሚዘጋውን ቁልፍም ይጫናል፤ አቧራው በዚያ በኩል ሾልኮ እንዳይገባ። እኛን ያልበናል፣ ጥጡ ይነጣል። ሕጉ ይኸው ነው።

በዚህ መሃል የሙዝ ችግኝ የሚያከፋፍል አንድ ፕሮጀክት መኪና ለዓመት ሊከራይ ፈለገ። ችግኞቹ የሚያድጉት ኩልፎ ወንዝ ዳር ነው፤ የሚከፋፈሉት እስከ ካምባ ድረስ ነው። ገና ጨቅላ ስለሆኑ ሙቀት አይችሉም፤ በካርቶን ሆነው ጋቢና ውስጥ ነው የሚጓዙት። እማዬ ይህን ስትሰማ «እነሱም እንደኔ ጥጥ ናቸው ለካ» አለች።

ረቡዕ ከሰዓት የፕሮጀክቱ የመኪና ኃላፊ ሊሞክራት መጣ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ከሲቀላ ስንነሣ ሰውየው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ «ኧረ ይበርዳል!» አለ። ዳገቱን ጨርሰን ሴቻ ስንደርስ ግን እጁን ወደ መውጫው አስጠጋ። ቆየት ብሎ ደግሞ አስጠጋ።

«አሁንስ ደከማት» አለ።

«ጋዝ ነው፤ አስሞላታለሁ» አለ አባዬ።

«ዓርብ ጠዋት እመለሳለሁ። ካልሆነ ሌላ መኪና እንይዛለን። ቅር አይበልህ ወንድሜ፣ ችግኝ ይቅርታ አያውቅም።»

ያን ቀን ያላማከርነው ሰው የለም። ጎረቤታችን «ጋዝ ነው» አለ። ከደጃችን የሚቆመው ባለ ባጃጅ፣ ባጃጁ በር እንኳ የላትም፣ «ጋዝ ነው ጋሼ» አለ። የመዘምራን መሪያችን ሳይቀር መጥቶ ኮፈኑን አስከፈተና አንገቱን ነቅንቆ «ጋዝ» አለ። ጋዝ የሚሞላው ጋራዥ ሄድን፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ኖሮ «ለሳምንት ኑ» አሉን። ለሳምንት! እኛ ያለን ሐሙስ ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ የአባዬ ስልክ ጠራ። የድሮ አሠሪው ነበር። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል፦ «መኪናዋ ሹፌር የላትም። ቅዳሜ ትነሣለህ ወይስ ሰው ልፈልግ?»

አባዬ መሬት መሬቱን አየ። «ዓርብ ማታ ልንገርህ» አለ። ከዚያ ገባና ሻንጣውን አውርዶ አልጋው አጠገብ አቆመው።

እኔ ስልኬን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የመኪና ኤሲ በቤት እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች መዓት ናቸው። መጀመሪያ ያየሁት በአባዬ ጉዳይ ተጨንቄ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሦስተኛው ላይ ጭንቀቱን ረሳሁት። እንዴ! ጋዙ አያልቅም ለካ! እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፤ በቱቦው ውስጥ ይዞራል፣ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይዞራል። ከቀነሰ ሾልኮ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትንሽ ራዲያተር የመሰለች ብረት አለች፤ ጋዙ እሷን ያቀዘቅዛል፣ ማራገቢያው በእሷ ውስጥ አየር ይገፋል፣ ያ አየር ወደ ፊታችን ይመጣል። ይኼው ነው።

ያኔ አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴን ወጋኝ። ሴቻ ስንደርስ ነፋሱ የሞቀ ብቻ አልነበረም። ነፋሱ ራሱ ቀጥኖ ነበር። ነፋስ የሚገፋው ማራገቢያው ከሆነ፣ ጋዝ ስለቀነሰ ነፋስ ለምን ይቀንሳል?

ፀጉሬን አከክኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ሊወጣ ነው። «ወዴት?» አልኩት።

«ሲቀላ ገበያ፣ ጋሽ ባሳ ጋ። ጋዝ በጣሳ ይሸጣል ብለውኛል። ራሴ እሞላዋለሁ።»

«ልከተልህ?»

«ደብተርሽን አስቀምጪና ነይ።»

ጋሽ ባሳ የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ቀበቶው፣ ዘይቱ፣ ቱቦው ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ራስን ይዳብሳል። አባዬ ችግሩን ሳይጨርስ ጣሳውን አውጥተው ከፊቱ አስቀመጡ።

«ይህቺን ትሰጣታለህ፣ መኪናህ ጨንቻ ትሆናለች።»

ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ግን ያን ዕቃ አየሁት። ቪዲዮ ላይ ያየሁትን! ሁለት ክብ ሰዓት የመሰሉ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ፣ ባለ ቀለም ቱቦዎች። ጌጅ። በኤሲው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው። አጠገቡ አየር መምጠጫ ፓምፕም ነበር፤ እሱን ዋጋውን መጠየቅም ያስፈራል። እጃችን ላይ ያለው ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ነው። ወይ ጣሳው፣ ወይ ጌጁ።

አባዬ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እጄ ወደ ፀጉሬ ሄደ። እዚያው አየር ላይ አቆምኩት።

«አባዬ፣ ጥያቄ አለኝ።»

ሁለቱም ዞሩ። ጋሽ ባሳ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ጋዝ ከሌላት፣ ከቤት ስንነሣ ማን አቀዘቀዛት?»

ቀጠልኩ፤ ካቆምኩ እንደማልጀምር ስለማውቅ። «ጋዙ ካለ ደግሞ ላዩ ላይ ብንጨምርበት ጋዙን የምትጨምቀውን ኮምፕሬሰሯን ሊገድላት ይችላል። አለ ወይስ የለም የሚለውን የሚነግረን ያ ነው» ብዬ ወደ ጌጁ ጠቆምኩ። «አንድ ብቻ ከሆነ የምንገዛው፣ የሚሠራውን ትተን የሚናገረውን እንግዛ።»

«አንተ፣ ይህቺ ልጅህ ናት ወይስ ዳኛ?» አሉ ጋሽ ባሳ።

አባዬ ለረጅም ጊዜ አየኝ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፤ ወይም አይቶኝ እኔ አላየሁትም። «እስቲ ጌጁን ያምጡት» አላቸው።

ሁለት ዓይነት አመጡ። አንደኛው ሳጥን ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊው መስታወቱ ላይ የተሰነጠቀ፣ አቧራ የጠገበ። ቪዲዮው ላይ ሰውየው «መጀመሪያ መርፌውን እዩ» ብሎ ነበር። አየሁ። የሚያብረቀርቀው ጌጅ መርፌ ምንም ሳይያያዝበት ከዜሮ ከፍ ብሎ ቆሟል።

«ጋሽ ባሳ፣ ይሄ ምኑን ነው የሚለካው? ባዶውን?»

«እሱ እንደኔ ነው፤ ትራስ ከፍ አድርጎ ነው የሚተኛው።»

አባዬ ሳቀ። የተሰነጠቀው ጌጅ መርፌ ግን ዜሮ ላይ ዝም ብሏል። የቱቦዎቹን ጫፍ ፈታሁና ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ጎማዎች በጣቴ ዳበስኩ፤ አልደረቁም።

«ይሄን» አልኩ።

«ቆንጆውን ትታ ስንጥቁን! ማንጎም እንዲህ ነው የምትመርጪው?»

«ማንጎ ቢሆን ቀምሼ እመርጥ ነበር፤ ይሄን እንዴት ልቅመሰው?»

ሳቁና ከዋጋው ቀነሱልን፤ ጓንትም መረቁልን። «ጋዙ ጣት ላይ ካረፈ በቅዝቃዜ ያቃጥላል። ዓይናችሁንም ሸፍኑ» አሉ ቁም ነገር ባለው ድምፅ። ልንወጣ ስንል ግን «ጣሳውን ነገ ትወስዱታላችሁ፤ አስቀምጬ እጠብቃችኋለሁ!» ብለው ጮሁ። ያ ቃል እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ገንዘቡን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ከተሳሳትኩስ?

ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር አቆምናት። አባዬ የሞተር ሳይክል መነጽር አደረገ፣ እኔ የጎረቤታችንን የብየዳ መነጽር። እማዬ ከቤት ብቅ ብላ አየችንና «ምንድን ነው? ጦርነት ነው?» አለች። ከዚያ ገብታ የትኩሳት መለኪያ ይዛ ወጣች። «ትኩሳት ካላት በዚህ ለኩልኝ፣ ይበቃታል!»

የጌጁን ሁለቱን መዝጊያዎች አጥብቀን ዘጋን፤ አባዬ ቱቦዎቹን ገጠመ። ሞተሩ ጠፍቷል። ትስስ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሁለቱም መርፌዎች ዘለሉ። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አሉና እኩል ቆሙ።

«ሚሱ፣ ምን ይላል?»

«ጋዝ የለም ከተባለ፣ አባዬ፣ ይሄን መርፌ ማን ገፋው?»

አባዬ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። «አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ያውም ደህና አድርጎ አለ።»

ሞተሩን አስነሣ፣ ኤሲውን ከፈተ። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር፤ ነፋሱ ይበርዳል፣ መርፌዎቹ በቦታቸው ናቸው። ጠበቅን። ማንጎ አንድ ወድቃ ኮፈኑን መታችውና ሦስታችንም ደነገጥን። ከዚያ ሰማያዊው መርፌ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። ጋቢና ሮጬ ገባሁ፤ እጄን ነፋሱ ላይ አደረግኩ። እየቀጠነ ነው። ልክ እንደ ሴቻው!

«ሚሱ! ነይ! ነይ ይሄን እይ!»

ከጋቢናው የሚወጣው ወፍራም ቱቦ ነጭ ሆኗል። በጣቴ ፋቅኩት። በረዶ! በረዶ እኮ ነው የምላችሁ፤ አርባ ምንጭ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኛ ግቢ! እማዬም መጥታ ነካችውና ጣቷን ላሰች፤ እውነት በረዶ መሆኑን ለማረጋገጥ።

«ብርዱ አለ ማለት ነው» አለ አባዬ። «ታዲያ የት ነው የሚቀረው?»

«አየሩ አያገኘውም» አልኩ። ስናገር ነው የገባኝ። «አየሩ ብረቷ ውስጥ ማለፍ አቅቶታል። ስለዚህ ብርዱ እዚያው ይቀመጥና በረዶ ይሠራል፤ በረዶው ደግሞ የቀረችውን ቀዳዳ ይዘጋታል።»

ሞተሩን አጥፍተን ማራገቢያውን ብቻ ተውነው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ከመኪናዋ ሥር ውሃ ተንጠባጥቧል፤ ነፋሱም ተመልሷል። ትክክል ነበርኩ። አንድ ነገር ዘግቷታል። ምን?

አባዬ ካቻቢቴ አመጣ። የዳሽቦርዱን ኪስ ፈታ፣ ማራገቢያውን ፈትቶ አወረደ። የአየር ማጣሪያ መኖር በነበረበት ቦታ ባዶ ክፍተት ነው፤ መኪናዋን የሸጠልን ሰው አውልቆ ጥሎት ኖሯል። አባዬ እጁን በቀዳዳው ሰደደ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ፀጉር አለው» አለ።

«ድመት ነው! በኢየሱስ ስም!» ብላ እማዬ ወደ ኋላ ሸሸች።

አባዬ ጎተተ። ግራጫ፣ እርጥብ፣ እንደ ቆዳ የተነጠፈ ነገር እየተላቀቀ ወጣ። መሬት ላይ ጣለው። ሁላችንም ከበን አየነው። እኔ በእንጨት ልነካው ስል እማዬ ጎንበስ ብላ በእጇ አነሣችው። በጣቶቿ መሃል ገነጠለችው። ውስጡ ነጭ ነበር።

እማዬ ጥጥን በዓይኗ አታውቅም፤ በጣቷ ነው የምታውቀው። ትንሽ ሳብ አድርጋ ጠመዘዘችው፤ ክር ሆነ።

«የኔ ነው» አለች።

ለካ መስኮቱን ዘግተን፣ የውጭውን አየር ዘግተን፣ አቧራ እንዳይነካው ስንጠብቀው የከረምነው ጥጥ፣ ብናኙ በእግራችን ሥር እየተሳበ መኪናዋ ሳንባ ውስጥ ይገባ ነበር። በጨንቻ መንገድ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ዳገት።

«እኔ ነኝ ያነቅኳት» አለች እማዬ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔው ራሴ ልሸኝህ ነበር።»

አባዬ እጁን በሱሪው ጠረገ። «አየር የሚዘጋውን ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ» አለ። «አልቅሰሽ ከጨረስሽ ነይ አግዢን፤ ጣትሽ ከኔ ይቀጥናል።»

እዚያ ላይ ነው የእማዬ ነገር ያስገረመኝ። ብረቷ እንደ ማበጠሪያ የጠበቡ ስስ ጥርሶች አሏት፤ አባዬ በብሩሽ ሲፍቃት ይብሱን ይጣመማሉ። እማዬ እጁን መታችውና እንዝርቷን አመጣች። ጫፉን በቀዳዳው አስገብታ የጥጡን ዳር ያዘች፣ ከዚያ እንደምትፈትል አሾረችው። ጥጡ ጥርሶቹን ሳይነካ እየተጠቀለለ ወጣ። ደግማ አሾረች። ወጣ። እኔ በስልኬ አበራላታለሁ፤ አባዬ አፉን ከፍቶ ያያል።

«ይሄ መሣሪያ ጋሽ ባሳ ጋ ስንት ይሆን?» አላት።

«የለውም» አለች እማዬ ዓይኗን ሳታነሣ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገጣጠምናትና አስነሣናት። ጠበቅን። ሰማያዊው መርፌ ከቦታው አልተነቃነቀም። ነፋሱ ፀጉሬን ከፊቴ ላይ አነሣው። ከአባዬ ጋር ተቀምጠን፣ መስኮት ዘግተን፣ ብርድ እስኪያንቀጠቅጠን ድረስ አልወረድንም። እማዬ ከውጭ መስታወቱን እየደበደበች «ነዳጁ! ነዳጁ!» ትላለች።

ዓርብ ጠዋት ሰውየው መጣ። ትምህርት ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን አልሄደልኝም። ከሲቀላ ሴቻ፣ ከሴቻ ሲቀላ ነዳት። በሁለተኛው ዙር እጁን መውጫው ላይ አድርጎ አላነሣውም። ወርዶ «ጋዙን የት አስሞላኸው?» ብሎ ጠየቀ።

«አላስሞላሁም።»

«ታዲያ ምን አደረግክላት?»

አባዬ ወደ እኔ አየ። «እሷ ጠየቀቻት» አለ።

ሰውየው አልገባውም፤ ግን እጁን ዘረጋ። በዚያው ዕለት አባዬ የመጀመሪያውን ችግኝ ጭኖ ካምባ ሄደ። ማታ ሲመለስ እኔና እማዬ በር ላይ ነበርን። ለድሮው አሠሪው ፊታችን ደወለ። «ሌላ ሰው ፈልግ፤ እኔ እዚሁ ሥራ ይዣለሁ» አለ። ንግግሩ በጣም አጭር ነበር፤ እኔ ግን ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ አስረዝሜ አስታውሰዋለሁ።

ውድ አንባቢዎች፣ እናንተም መኪናችሁን ራሳችሁ ልትነኩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ፣ የሚናገረውን ግዙ። ሳጥኑን አትዩ፣ መርፌውን እዩ። ዓይንና ጣታችሁን ሸፍኑ። ጋዝ ያለበትን ቱቦ ግን አትፍቱ፤ እኛም አልፈታንም። ደግሞ ከተማው በሙሉ አንድ መልስ ሲሰጣችሁ፣ ቢያንስ አንዴ «ለምን?» በሉ። እኔ ያን ቀን በጠባቧ ሱቅ ውስጥ እጄን ፀጉሬ ጋ ሳላደርስ አየር ላይ ካቆምኩ ወዲህ፣ ክፍል ውስጥ እጄ እስከ ላይ ነው የሚወጣው። መምህሮቼ ተሰላችተዋል። ይኸው መጻፍም ጀምሬያለሁ።

ሻንጣውስ? ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ አልጋው አጠገብ አልነበረም። ቁም ሳጥኑ አናት ላይም የለም። ደንግጬ ወደ ግቢ ሮጥኩ። እማዬ ጨንቻ ልትሄድ እየተዘጋጀች ነው፤ ሻንጣው መሬት ላይ ተከፍቷል፣ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ ጥጧን እየጠቀጠቀች ትሞላዋለች።

«ና ሚሱ፣ ላዩ ላይ ቁጭ በልልኝ፤ አልዘጋ አለኝ» አለችኝ። እማዬ ስትቸኩል እንደ ወንድ ልጅ ነው የምትጠራኝ።

ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ መጣና ዚፑን ዙሪያውን ጎተተው። አንዲት ብናኝ አልወጣችም።